ስለ ደመና ሰርቨሮችና ስለ አብነታቸው

ከሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚገኝ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ትምህርቱን ሲጨርስ የመውጫ ፈተና ይወስዳል። ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒዩተር ነው። በወላይታ ሶዶ የተቀመጠው ተማሪ፣ በጎንደርም ሆነ በጅማ የተቀመጠው የሙያ ጓደኛው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። ጥያቄው አንድ ከሆነ መሣሪያውም አንድ ዓይነት ሊሆን ይገባዋል። ምክንያቱም የአንዱ ኮምፒዩተር ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀድሞ ከሆነ፣ የአንዱ ደግሞ መልስ ለመመዝገብ የሚዘገይ ከሆነ፣ ፈተናው እኩል ነው ብሎ ለመናገር አይቻልም። እንግዲህ «ማሽኖች ሁሉ በአንድ ሥርዐት ይዘጋጁ» የሚለው ነገር የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ጣጣ ብቻ ሳይሆን የፍትሕ ጉዳይ መሆኑን ከዚህ ለመረዳት ይቻላል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በደመና ላይ ያሉ ሰርቨሮችን አንድ ጊዜ በተጻፈ አብነት መሠረት ደጋግሞ ስለ ማስነሣት ነው። አብነት ማለት በሥራው ቋንቋ «ቴምፕሌት» የሚባለው ነው። ልናስረዳ የምንፈልገውም ዋና ነገር ይህ ነው፤ አብነት መጻፍ ማለት ድካምን መቀነስ ብቻ ሳይሆን፣ ለሁሉ እኩል የሚሆነው ምን እንደ ሆነ፣ ለየቦታው የሚተወውም ምን እንደ ሆነ ለይቶ መወሰን ነው።

ሰርቨር ምንድር ነው? ደመናስ?

ሰርቨር በቃሉ ትርጉም «አገልጋይ» ማለት ነው። ሌሎች ኮምፒዩተሮችና ስልኮች የሚጠይቁትን እየተቀበለ መልስ የሚሰጥ ኮምፒዩተር ነው። ተማሪ በስልኩ ውጤቱን ሲጠይቅ ጥያቄው ሄዶ የሚያንኳኳው የዚሁ አገልጋይ በር ነው።

ደመና የሚለው ስም ብዙዎችን ያሳስታል። ነገሩ በሰማይ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። በትልልቅ አዳራሾች ውስጥ የተደረደሩ፣ መብራትና ማቀዝቀዣ የተዘጋጀላቸው፣ በኪራይ የሚሰጡ ኮምፒዩተሮች ናቸው። ልዩነቱ አንዱን ትልቅ ማሽን በሶፍትዌር ከፋፍሎ እንደ ብዙ ማሽን አድርጎ ማከራየት መቻሉ ነው። ተከራዩም የተጠቀመበትን ጊዜ ያህል ይከፍላል፤ ሥራው ሲያልቅ ማሽኑን ይመልሳል። የአማዞን ኩባንያ ኢሲ2 የተባለውን የሰርቨር ኪራይ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ጀመረ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ከተባለበት በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በአፍሪካ የመጀመሪያውን ማዕከሉንም በ2020 በኬፕ ታውን ከፈተ። በአገራችንም ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ በሚል ስም የደመና አገልግሎት ይሰጣል።

የኪራይ ቤት ግን ባዶ ቤት ነው። ገብቶ መኖር ከተፈለገ ማደራጀት ያስፈልጋል። የተከራየነው ሰርቨርም እንዲሁ ነው። ምን ያህል ጉልበት እንዲኖረው፣ የትኛው ሶፍትዌር እንዲጫንበት፣ የትኛው በር እንዲከፈትና የትኛው እንዲዘጋ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንዲሆን ሁሉ መወሰን አለበት። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

በእጅ የማዘጋጀት ጉድለት

ለምሳሌ ያህል አንድ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች ምዝገባ ሰርቨሮችን ተከራየ እንበል። በአዘቦት ቀን 3 ሰርቨሮች ይበቁታል፤ በምዝገባ ሳምንት ግን 12 ያስፈልጉታል። አንዱን ሰርቨር ለማዘጋጀት 14 እርምጃዎች አሉ እንበል። ባለሙያው እያንዳንዱን በእጁ የሚያዘጋጅ ከሆነ 14 በ12 ሲባዛ 168 እርምጃ ይሆናል።

ይህ ሰው እጅግ ጠንቃቃ ሆኖ ከ100 እርምጃ 99ኙን ያለ ስሕተት ይፈጽማል ብለን እናስብ። አንዱን ሰርቨር ያለ እንከን የመጨረሱ ዕድል ከመቶ 87 ያህል ነው። አሥራ ሁለቱንም ያለ እንከን የመጨረሱ ዕድል ግን ከመቶ 19 እንኳ አይሞላም። ይህም ማለት ከአምስት ጊዜ አራት ጊዜ ቢያንስ አንዱ ሰርቨር ከወንድሞቹ የተለየ ይሆናል። የተለየው የትኛው እንደ ሆነ ደግሞ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ አንዱ ተማሪ ሲመዘገብ ጓደኛው ከአጠገቡ ተቀምጦ «አልተቻለም» የሚል መልስ ይደርሰዋል። እንደገና ሲሞክር ሌላ ሰርቨር ያገኘውና ይሳካለታል። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ኔትወርክ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ሌላም ጉድለት አለ። በእጅ የተሠራ ሥራ የሚኖረው በሠራተኛው ራስ ውስጥ ነው። ያ ሰው ቢታመም ወይም ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወር ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል። ሰርቨሩ እየሠራ ይቆያል፤ እንዴት እንደ ተሠራ የሚናገር ግን አይገኝም።

አብነት ምን ምን ይይዛል?

የዚህ መድኃኒቱ ውሳኔውን ሁሉ አንድ ጊዜ በጽሑፍ አስቀምጦ፣ ማሽኑ ራሱ ጽሑፉን አንብቦ እንዲነሣ ማድረግ ነው። አማዞን «ላንች ቴምፕሌት» የሚባለውን በ2017 አወጣ። ሌሎች አከራዮችም በልዩ ልዩ ስም ተመሳሳዩን ያቀርባሉ። በአብነቱ ውስጥ በተለይ የሚጻፉት የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ የማሽኑ ምስል። ሰርቨሩ ሲነሣ የሚገለበጥለት የተዘጋጀ ዲስክ ነው፤ ለምሳሌ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ያለበት።

2ኛ/ የማሽኑ መጠን። «ቲ3 ማይክሮ» የተባለው አነስተኛ ዓይነት ለምሳሌ 2 ቨርቹዋል ፕሮሰሰርና 1 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው።

3ኛ/ የዲስኩ ስፋት፣ እንዲሁም ሰርቨሩ ሲጠፋ ዲስኩ አብሮ ይጥፋ ወይስ ይቅር የሚለው ውሳኔ።

4ኛ/ የኔትወርክ በሮች። ለሕዝብ የሚከፈተው በር ብዙ ጊዜ 443 ቁጥር ነው። ባለሙያው የሚገባበት 22 ቁጥር ግን ለሁሉ ሰው ክፍት መሆን የለበትም።

5ኛ/ ቁልፍና ሥልጣን። ማን ሊገባ እንደሚችል፣ ሰርቨሩም ራሱ ምን ምን ለመንካት እንደ ተፈቀደለት።

6ኛ/ የመነሻ ትእዛዝ። ሰርቨሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች ዝርዝር ነው። በአማዞን ዘንድ ይህ ዝርዝር ከ16 ኪሎባይት መብለጥ አይችልም።

7ኛ/ መለያ። ሰርቨሩ ለምን ሥራ እንደ ተነሣ፣ ኀላፊው የትኛው ክፍል እንደ ሆነ፣ ሒሳቡም ለማን እንደሚጻፍ የሚያመለክት ምልክት ነው። ይህን ብዙዎች ይንቁታል፤ ነገር ግን ባለቤቱ ያልታወቀ ሰርቨር ማንም ሊያጠፋው ሳይደፍር ለዓመታት ሒሳብ ሲቆጥር ይኖራል።

የሰርቨሮቹ ብዛት ከዚህ አብነት ውጭ ይወሰናል። «ከ3 አያንሱ፣ ከ12 አይብለጡ» ተብሎ ለሌላ ተቆጣጣሪ ክፍል ይሰጠዋል። ተቆጣጣሪውም ሥራው ሲበዛ ከአብነቱ እየቀዳ ይጨምራል፤ ሲቀንስ ይመልሳል። ከአንድ ሰርቨር ዐልፎ ኔትወርኩንና የመረጃ ማከማቻውን ጭምር በጽሑፍ ለመግለጽ ለሚፈልግ ደግሞ በ2014 የወጣው ቴራፎርም የተባለው መሣሪያ አለ።

በወላይታ የታየ የአብነት ታሪክ

አንድን ሥራ በወጥ አብነት በብዙ ቦታ የመድገም ሐሳብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ወላይታም ይህ ሐሳብ ከተፈተነባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በ1967 በአርሲ በስዊድን ርዳታ ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። በ1970 ደግሞ በዓለም ባንክ ብድር እየታገዘ ዋዱ የተባለው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት በሶዶ ሥራውን ጀመረ። ዋዱ ማዳበሪያና የተሻሻለ ዘር ከማቅረብ ዐልፎ ብድር ይሰጥ፣ መንገድ ይሠራ፣ ከደጋው የተጨናነቁ ገበሬዎችን ወደ አበላ ቆላ ያሰፍር ነበር።

ሁለቱም ድርጅቶች ብዙ ባለሙያና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ ስለ ነበሩ በየአውራጃው እንደዚያው ለመድገም አልተቻለም። ስለዚህ በ1971 የእርሻ ሚኒስቴር «አነስተኛ ፓኬጅ» የተባለውን ፕሮግራም አወጣ። ከሰፊው ሥራ ውስጥ ለሁሉ ቦታ የሚያስፈልገውንና በትንሽ ወጪ ሊደገም የሚችለውን ብቻ፣ ማለት ማዳበሪያን፣ የተሻሻለ ዘርን፣ ብድርንና ምክርን ለይቶ ወሰደ።

አንባቢ ልብ ብሎ ቢመለከተው ይህ የሰርቨር አብነት ከሚጽፈው ሰው ሐሳብ ጋር አንድ ነው። ሁሉን ነገር የያዘ አብነት በአንድ ቦታ ያምራል እንጂ አይደገምም። የሚደገመው ትንሹና አስፈላጊው ነው።

ነገር ግን የጎደለውንም መናገር ይገባል። በፓኬጁ ዝርዝር ውስጥ ዘርና ማዳበሪያ ተጽፏል፤ መሬቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን አልተጻፈም። በአርሲ እርሻው ትርፍ ማስገኘት ሲጀምር ባለመሬቶች በትራክተር ለማረስ ጭሰኞችን አፈናቀሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1965 «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡበት ጥያቄ በአዋጅ የተመለሰው በ1975 ነው። አብነት በውስጡ ያልተጻፈውን ጥያቄ ሊመልስ አይችልም፤ ከዚያም የከፋው፣ ሥራው በፍጥነት ሲደገም ያልተጻፈው በደል አብሮ በፍጥነት መደገሙ ነው።

ምን ይታሰር? ምንስ ይተው?

ከመጠን በታች የጻፈ አብነት እንዲህ ከጎዳ፣ ከመጠን በላይ የሚያስርም እንዲሁ ይጎዳል። ለዚህም ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በቀድሞው የሰሜን ኦሞ ዞን ለወላይታ፣ ለጋሞ፣ ለጎፋና ለዳውሮ ልጆች አንድ የጋራ መማሪያ መጽሐፍ ተዘጋጀ። ከአራቱ ስሞች መነሻ ፊደሎች ተወስዶም ቋንቋው «ወጋጎዳ» ተባለ። አራቱ ቋንቋዎች እጅግ የሚቀራረቡ ስለ ሆኑ አንድ መጽሐፍ ለሁሉ ይበቃል፣ ወጪም ይቀንሳል ተብሎ ነበር። ሕዝቡ ግን የራሱን ቋንቋ በመጽሐፉ ውስጥ አላገኘውም። በ1999 በሶዶ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጻሕፍቱ ከትምህርት ቤት ተሰበሰቡ፤ በ2000ም ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። የመጽሐፉን አሠራር፣ የትምህርቱን ቅደም ተከተልና የስሌቱን ምሳሌ በአንድ አብነት መሥራት ይቻል ነበር። ቋንቋው ግን ለየባለቤቱ መተው የነበረበት ባዶ ቦታ ነበር።

በሰርቨር ሥራ የሚደርሰው ጉዳት ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ባይሆንም ሕጉ ግን ያው ነው። የአማዞን የማሽን ምስል የሚታወቀው በመለያ ቁጥር ነው፤ ይህም ቁጥር በየማዕከሉ ይለያያል። በኬፕ ታውን የሚሠራው ቁጥር በአየርላንድ ማዕከል አይሠራም። ስለዚህ ቁጥሩን በአብነቱ ላይ በቀጥታ ያሰረ ሰው አብነቱን ወደ ሌላ ማዕከል ሲወስደው ሰርቨሩ አይነሣለትም። ብልኅ የሆነው ግን «የምስሉ ቁጥር እንደየማዕከሉ ይሞላ» ብሎ ቦታውን ይተዋል። እንዲህ ያለው ባዶ ቦታ በሥራው ቋንቋ «ፓራሜትር» ወይም «ቫርያብል» ይባላል።

ለመለየት የሚረዳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይህ ነገር ቢለያይ ጥፋት ነው ወይስ ፍላጎት?» በሶዶና በአረካ ያሉ ሁለት ጽሕፈት ቤቶች የሰዓት አቆጣጠራቸው ቢለያይ ጥፋት ነው፤ ይታሰር። የይለፍ ቃል ጥበቃቸው ቢለያይ ጥፋት ነው፤ ይታሰር። የጽሕፈት ቤቱ ስም፣ የተጠቃሚው ብዛት፣ ገጹ የሚታይበት ቋንቋ ቢለያይ ግን ፍላጎት ነው፤ ለየቦታው ይተው። ይህን ጥያቄ ለመመለስ የኮምፒዩተር ዕውቀት ብቻውን አይበቃም። ቦታውን፣ ሕዝቡንና ቋንቋውን የሚያውቅ ሰውም ከጠረጴዛው ዙሪያ መቀመጥ አለበት።

ስለ እርማትና ስለ ስሕተት

ከላይ ባየነው ስሌት አብነት የጻፈ ሰው የሚፈጽመው 14 እርምጃ ብቻ ነው። ከመርመረው በኋላ አሥራ ሁለቱም ትክክል ይሆናሉ። ሳይመረምር ከለቀቀው ግን አሥራ ሁለቱም በአንድነት ይሳሳታሉ። ይህን የእንሰት ገበሬ በሚገባ ያውቀዋል። ከአንዱ እናት እንሰት ሥር ብዙ ችግኝ ይገኛል፤ ሁሉም የእናታቸውን ጠባይ ይዘው ይበቅላሉ። እናቲቱ ጤነኛ ከሆነች መልካም ነው። የአጠውልግ በሽታ ከያዛት ግን በሽታው ከችግኞቿ ጋር ወደየጓሮው ይጓዛል። ስለዚህ «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው የአባቶች ምክር ለአብነት ጸሐፊም ይሠራል።

እርማትን በተመለከተ ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። አንደኛው፣ የተጻፈ አብነት አይፋቅም። ለውጥ ሲያስፈልግ 2ኛ፣ 3ኛ ተብሎ አዲስ እትም ይወጣል፤ የቀድሞውም እንዳለ ይቆያል። አዲሱ እትም ችግር ካመጣ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል፤ ማን መቼ ምን እንደ ለወጠም ለመመርመር ይመቻል። ሁለተኛው፣ አዲስ እትም ስለ ወጣ ብቻ ቀድሞ የተነሡት ሰርቨሮች አይለወጡም። አዲሱን ሕግ የሚከተሉት ከዚያ በኋላ የሚነሡት ናቸው። የድሮዎቹን በየተራ አውርዶ በአዲስ መተካት ያስፈልጋል። ይህን የዘነጋ ሰው ግማሾቹ በ1ኛው እትም፣ ግማሾቹ በ2ኛው ሲሠሩ ያገኛቸዋል፤ አብነት እያለውም ወደ መጀመሪያው መዘበራረቅ ይመለሳል።

እንዲሁም የይለፍ ቃል በመነሻው ትእዛዝ ውስጥ መጻፍ የለበትም። በሰርቨሩ ላይ የሚሠራ ማናቸውም ፕሮግራም ያንን ትእዛዝ ጠይቆ ሊያነበው ስለሚችል፣ ምስጢር የሚቀመጠው ለዚሁ በተዘጋጀ ሌላ ሣጥን ነው።

ለተማሪው የሚሆን ልምምድ

ይህን ሁሉ ለመማር ሰርቨር መከራየት የግድ አይደለም። በኮምፒዩተር ቤተ ሙከራ ውስጥ አንዱን ማሽን ለማዘጋጀት የሚፈጸመውን እርምጃ ሁሉ በወረቀት ላይ በቅደም ተከተል መጻፍ መጀመሪያ ነው። ቀጥሎ ወረቀቱን ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛ መስጠትና ሳይናገሩ ቆሞ መመልከት ነው። ጓደኛው ከቆመበት ቦታ ላይ የጎደለ መስመር አለ። ሦስተኛው እርምጃ በየመስመሩ አጠገብ «ይታሰር» ወይም «ይተው» ብሎ ምልክት ማድረግ ነው። ይህ ሲፈጸም ወረቀቱ አብነት ሆኗል፤ ወደ ቴራፎርም ወይም ወደ ላንች ቴምፕሌት መገልበጡ ከዚያ በኋላ የቀለለ ሥራ ነው።

ሰርቨር ለተከራየ ደግሞ ፈተናው አጭር ነው። ሰርቨሩን ያጥፋውና ከአብነቱ ብቻ መልሶ ያስነሣው። ማጥፋቱን ከፈራ፣ አብነቱ ገና አልተሟላም ማለት ነው።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ከዚህ በኋላ ከቦዲቲ እስከ ገሱባ፣ ከጠበላ እስከ በሌ በየወረዳው ብዙ አገልግሎት ወደ ኮምፒዩተር መግባቱ አይቀርም። ያን ጊዜ አብነቱን የሚጽፉት ዛሬ በየትምህርት ክፍሉ ያሉት ተማሪዎች ናቸው። ሰርቨር ማስነሣትን የሚያውቀው ተማሪ ታሪክንና ቋንቋን ከሚያጠናው ጋር ተቀምጦ ከአሁኑ ቢለማመድ፣ በሶዶ የሚነሣው ማሽን ለሁሉ እኩል የሚሠራ፣ ለእያንዳንዱም በራሱ ቋንቋ የሚመልስ ይሆናል።